የግራዋ አራት ጨዋታዎች

ባለፈው ሳምንት አዲሱን መታወቂያ ላወጣ ሳቢያን ወዳለው ቀበሌያችን ሄጄ ነበር። ልጄ "በጠዋት ካልሄድሽ ፀሐዩ ይፈጅሻል" እያለች ስትነዘንዘኝ ከርማ፣ በመጨረሻ ራሷ ባጃጅ ጠርታ አሳፈረችኝ። ምዝገባው የሚካሄድበት ክፍል ድሮ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ የነበረው ነው። ስኳርና ሳሙና በራሽን ይታደልበት የነበረው ረጅሙ የሲሚንቶ ባንኮኒ ዛሬም እዚያው ቆሟል። ያኔ ከኋላው የሚቆመው ሰው ቁልቁል እንዲያየን ሆን ተብሎ ከፍ ብሎ የተሠራ ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል።

ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው መዝጋቢ ገና ልጅ ናት። አንቱ ስለምትለኝ ከመሐል አገር የመጣች መሆን አለባት አልኩ፤ የድሬ ሰው እንኳን እኔን ንጉሥንም "አንተ" ይላል።

"እናቴ፣ ግራ እጅዎን እዚህ ላይ ያሳርፉልኝ" አለችኝ፣ ባንኮኒው ላይ ወዳለው የጣት አሻራ ማንሻ እያመለከተች።

አሳረፍኩ።

"ግራ ነው ያልኩዎት" አለች።

ዝቅ ብዬ ሳይ መስታወቱ ላይ የተጋደመው ቀኝ እጄ ነው። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ በዚህች ስህተት ሲሳቅብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። አንድ ጊዜ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስቆብኛል። ያን ቀን በሳቁ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር።

ከተፈጥሮዬ ግራኝ ነኝ። እናቴ የሸዋ ሰው ናት፤ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ የነበረውን አባቴን ተከትላ ወደ ድሬዳዋ ወርዳ፣ ከዚራ ሰፈር ጫፍ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት አሳደገችን። በሙቀቱ ስታማርር ኖራ በሙቀቱ ሞተች። ከሙቀቱ ቀጥሎ የምታማርረው የኔን ግራ እጅ ነበር። "በግራው የሚጎርስ ሰይጣን ነው" ትለኛለች። ጎረቤታችን እማማ መርየም ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ሆነው "እውነቷን ነው፣ ወላሂ!" ይላሉ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በብዙ ነገር ባይስማሙም በኔ ግራ እጅ ላይ አንድ ቃል ነበሩ። ምግብ ሲቀርብ እናቴ መቀነቷን ፈትታ ግራ እጄን ከወገቤ ጋር ታስረው ነበር። እንዲህ እያለች ነው ያስተማረችኝ፦ "ቀኝ ማለት የምትበዪበት እጅ ነው። ግራ ማለት የማትበዪበት ነው። ይኸው ነው።"

ይኸው ቢሆን መልካም ነበር። ከቤት ወጥቼ ከእኩዮቼ ጋር ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ስወርድ ግን ማንጎውንም ሮቃውንም የምበላው በግራዬ ነበር። ታዲያ የምበላበት እጅ የቱ ነው? እናቴ ስታየኝ አንዱ፣ ሳታየኝ ሌላው። ቃሉ ከእጁ ጋር እንደተጣላ ቀረ። እስከ ዛሬ "ግራ" ሲሉኝ ቆም ብዬ ማሰብ አለብኝ። ባጃጅ ስሳፈርም "ወደ ግራ ታጠፍ" አልልም፣ "በመድኃኒት ቤቱ በኩል" ነው የምለው።

መወርወር ግን ማሰብ አይጠይቅም። ከደቻቱ ማዶ አንድ ትልቅ የሮቃ፣ የመሐል አገር ሰው ሁመር የሚለው፣ ዛፍ ነበር። የበሰለው የሚንጠለጠለው ጫፉ ላይ ነው፤ ወንዶቹ ሽቅብ አንጋጠው ምራቃቸውን ሲውጡ እኔ ጠጠር አንስቼ በግራዬ አወርደዋለሁ። ጣቴ ላይ የሚቀረው የሮቃው ኮምጣጣ ሽታ ቤት ስገባ ያጋልጠኛል። እናቴ እጄን ታሸተዋለች፤ ግራው ከሸተተ ቁንጥጫ ነው።

አስረኛ ክፍልን እንደጨረስኩ አባቴ ታሞ ጡረታ ወጣ፤ እኔ ብስኩት ፋብሪካ ገባሁ። ደርግ ከመጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ፋብሪካው የሕዝብ ተብሏል፣ ግድግዳው በመፈክር ተሸፍኗል። ብስኩቱ ግን ያው ብስኩት ነበር። የቫኒላው ሽታ ልብሴ ውስጥ ገብቶ ሳጥበውም አይለቅ ነበር። ሥራዬ ባዶ ካርቶኖችን አጣጥፌ ከቆጡ ላይ ለምትቀበለኝ ልጅ መወርወር ነው። ያቺ ልጅ ኸድራ ናት። የነጋዴ ልጅ የሆነች ሶማሌ፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ እጇ ከክንዴ የሚረዝም። አማርኛ ስትናገር ሦስት ቋንቋ ታቀላቅላለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ እህቴ ሆነች።

አንድ ቀን ጠዋት ካርቶን ስወረውር ከኋላዬ የሰው ትንፋሽ ተሰማኝ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ከበደ ነው። ድሮ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ አሁን ከግምጃ ቤቱ ሥራ በተረፈው ጊዜ የፋብሪካውን የሴቶች የእጅ ኳስ ቡድን ያሠለጥናል።

"በግራሽ ነው የምትወረውሪው?" አለኝ።

ደነገጥኩ። "አይ፣ ተሳስቼ ነው" ብዬ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

ሳቀ። "እንዲህ የሚሳሳት ሰው ስፈልግ ሦስት ዓመት ሆነኝ" አለ።

እጅ ኳስ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ሰባት ሰባት ሆናችሁ ትሰለፋላችሁ፤ ከግቡ ፊት የተሰመረውን መስመር ሳትረግጡ ዘላችሁ በእጅ ትወረውራላችሁ። ዓለም ሁሉ በቀኙ ስለሚወረውር ግብ ጠባቂዎች ዓይናቸውም እግራቸውም ቀኙን ለምዷል። ግራኝ ስትመጣባቸው ኳሱ ካልጠበቁት በኩል ይመጣል። ጋሽ ከበደ በቀኝ መስመር አቆመኝ። ኸድራን በቁመቷ ምክንያት ቀድሞውኑ ግብ ጠባቂ አድርጓት ነበር። ከሥራ በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ በአንድ ትምህርት ቤት ሲሚንቶ ሜዳ ላይ እኔ እወረውራለሁ፣ እሷ ትይዛለች። ባልያዘችው ቁጥር በሶማልኛ ትሰድበኛለች፤ ከዚያ ሄደን ባቅላባ በሻይ እንበላለን። ቡድኑ "ግራዋ" የሚል ስም አወጣልኝ። ግራዋ እንስራ የሚታጠብበት መራራ ቅጠል ነው፤ ለኔ ግን በልጅነቴ የታሰረብኝን እጅ በስሙ ጠርቶ ያመሰገነልኝ ሰው እንዳለ ያህል ነበር።

በዚያ ዘመን ሌላም የሆነ ነገር አለ። በየስብሰባው፣ በየሰልፉ፣ በየበዓሉ መፈክር ሲሰማ ሁሉም ሰው ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ማንሳት ነበረበት። ግራውን! እናቴ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር አባል ስለነበረች ስታዲየም ተሰልፋ ግራ እጇን ስታነሳ አየኋት። ፊቷ መራራ ነገር እንደቀመሰ ሰው ሆኗል፤ ቀኟ በነጠላዋ ውስጥ ያማትባል። ቤት ስንገባ "እንግዲህ መንግሥት ያንቺን ወገን ያዘ" አለችኝ፣ ተሸናፊ ሆና። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ግራ እጄ ምንም ብላኝ አታውቅም። እኔም በየሰልፉ ማንም ሳያስተምረኝ የማነሳው ያንኑ ስለነበር ቃሉን ማሰብ አልነበረብኝም፤ የምወረውርበትን እጅ ማንሳት ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ቡድናችን ከክፍለ ሀገሩ አልፎ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። ውድድሩ አዲስ አበባ ነው። በጥቅምት ወር በሊቶሪና ባቡር ተሳፍረን ሄድን። ኤረር ላይ ብርቱካን ገዛን፤ ሚኤሶ ላይ ኸድራ ከአንዲት ሴት የግመል ወተት ተቀብላ እኔን በግድ አስጎነጨችኝ። አዋሽን ስናልፍ ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ሞጆ ስንደርስ ሁላችንም ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርን። ያደርንበት የትምህርት ቤት መኝታ ቤት ወለሉ በረዶ ነው። የድሬ ልጅ አንድ ዙር ሮጣ አየር ያጥራታል። የሆነው ሆኖ የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ሰባት ግብ አገባሁ።

ሰባት! የግብ ጠባቂዋ ፊት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በዕድሜዋ ግራኝ ያየች አትመስልም። በሁለተኛው ጨዋታ ዘጠኝ አገባሁ፤ ሬዲዮው "የድሬዳዋዋ ግራኝ" ብሎ ጠራኝ። እናቴ እማማ መርየም ቤት ሆና ሰምታው እልል አለች ተባልኩ። ከጨዋታው በኋላ ማስታወሻ የያዙ አንድ ሰውዬ ወደ ጋሽ ከበደ ቀርበው ረጅም አወሩ። ጋሽ ከበደ ሲመለስ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

"የብሔራዊ ቡድኑ ስም ዝርዝር በኅዳር መጨረሻ ይወጣል" አለኝ። "ጤናሽን ብቻ ጠብቂልኝ። ሌላውን እጅሽ ይጨርሰዋል።"

እንግዲህ የፈለግኩት ነገር ይኸው ነበር። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚደብቀው ነገር አንድ ቀን የአገር ማልያ ሲያስለብሰው ምን እንደሚሰማው ያልታሰረበት አያውቀውም። ያንን ዝርዝር ከምንም በላይ ፈለግኩት።

በሦስተኛው ጨዋታ ዘልዬ አየር ላይ ሳለሁ አንዲት ተከላካይ ከኋላ ክንዴን ያዘችኝ። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ኳሷ ግብ ስለገባች ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ እኔ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ፣ ላቤ ግን ቀዝቅዟል። መኝታ ቤት ስንገባ ሹራቤን ማውለቅ አቃተኝ። ኸድራ አወለቀችልኝ፤ ከቤቷ ባመጣችው የሰሊጥ ዘይት አሸችኝ፣ በሻሿ አሰረችኝ።

"አባዮ፣ ይሄ ነገር ደህና አይደለም" አለችኝ። አባዮ እህቴ ማለት ነው። "ለጋሽ ከበደ እንንገረው፣ አቦ!"

"ከነገርሽው ያወጣኛል። ከወጣሁ ዝርዝሩ ቀረ። ለማንም እንዳትናገሪ ማዪልኝ።"

"ግድ የለሽም..."

"ማዪ አልኩሽ!"

"ወላሂ አልናገርም" አለች፣ ሳትወድ። ኸድራ በከንቱ የምትምል ሰው አልነበረችም። አንድ ጊዜ ከማለች አለቀ።

አራተኛው ጨዋታ የበዓል ዕለት ስለነበር ባለሥልጣናት መጡ። ሁለቱ ቡድኖች በክብር እንግዶቹ ፊት ተሰለፍን። መፈክር የሚያሰማው ሰው ማይክራፎኑን ነካ ነካ አድርጎ "ግራ እጃችን ወደ ላይ!" አለ። ክንዴን ወደ ላይ ሳደርግ ትከሻዬ ውስጥ ቢላዋ የገባ መሰለኝ፤ ከጡቴ በላይ አልወጣም አለ። እጅ ያላነሳ ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ቀኜን አነሳሁ። አሥራ አራት ተሰላፊ፣ አሥራ አራት ተጠባባቂ፤ ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ቀኝ እጅ። ፎቶ አንሺው ብልጭ አደረገው።

ጨዋታው ላይ አንድም አላገባሁም። ጋሽ ከበደ የባለሥልጣን ፊት ያስፈራኝ መስሎት "አይዞሽ" ይለኝ ነበር። የመጀመሪያው ዙር በዚያው አለቀና ወደ ድሬ ወረድን። ሙቀቱ ይፈታዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጣቢያው ላይ ስንወርድ ያ የምንሰድበው ሙቀት እንደ እናት እቅፍ ተቀበለኝ፤ ትከሻዬን ግን አልፈታውም።

በሳምንቱ ከጠዋቱ ፈረቃ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ለሂስና ግለ ሂስ ወደ ምግብ አዳራሹ ተጠራ። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ታምራት ይባላል፤ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ፎቶው ላይ የኔ ቀኝ እጅ ከሁሉም እጆች ተለይቶ ቆሟል።

"ጓዲት የሺ፣ ይህ እጅ ያንቺ ነው?"

"አዎ።"

"ሕዝብ ሁሉ ግራውን ሲያነሳ አንቺ ቀኝሽን ያነሳሽው ለማን ነው?"

እንግዲህ መውጫዬ አንድ ብቻ ነበር። ትከሻዬ ታሞ ነው ብል ነገሩ ያልቃል፤ ወደ ሐኪም ይልኩኛል። ሐኪሙ ደግሞ ለጋሽ ከበደ ይናገራል፣ ጋሽ ከበደ ማስታወሻ ለያዙት ሰውዬ ይናገራል። ኅዳር መጨረሻ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ደርሶኝ የማያውቅ ብልጠት መጣልኝ።

"ግራና ቀኝ አይለይልኝም" አልኩ። "ከልጅነቴ ጀምሮ።"

አዳራሹ ፈነዳ። የድሬ ሰው ሳቅ ሲያገኝ ለካድሬም አይታገስም። "ግራዋ ግራዋን አታውቅም!" አለ አንድ የምድጃ ሠራተኛ፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። እውነቴን ነበር እኮ። ግን ቀኜን ያነሳሁት በዚያ ምክንያት አልነበረም።

ጓድ ታምራት አልሳቀም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና "ኳስ ለመወርወር የማይጠፋሽ እጅ ለአብዮቱ ሲሆን ጠፋብሽ?" አለ። አሁን ማንም አልሳቀም።

ያኔ ከኋላ ወንበር ተንኳኳ። ኸድራ ተነስታ ቆማለች።

"እጇን ታማ ነው፣ አቦ! ትከሻዋ ተጎድቷል። እኔ ነኝ በዘይት ያሸኋት። አይወጣላትም፣ ለዛ ነው!"

መሐላዋን ለኔ ብላ አፈረሰች። እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ የታየኝ ዝርዝሩ ብቻ ነው። ጋሽ ከበደ በድንጋጤ ወደኔ ዞሮ "እውነት ነው?" በሚል ዓይን ያየኛል።

"አላመመኝም" አልኩ። "ውሸቷን ነው።"

ኸድራ ቆማ ቀረች። ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ ጫማዬን አየሁ።

"መልካም" አለ ጓድ ታምራት። "ካላመመሽ ቀላል ነው። አሁን ግራ እጅሽን አንሺና መፈክር አሰሚን።"

አነሳሁ። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ሮቃው ዛፍ ጫፍ ላይ እንዳለ አድርጌ አሰብኩት መሰለኝ። ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቀደድ ጆሮዬ ሰማው። "አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!" አልኩ። አዳራሹ ተቀበለኝ። አንድ መፈክር ይበቃል ብዬ እጄን ላወርድ ስል "ቀጥዪ" አለኝ። "ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!" አልኩ። "ይውደም!" አሉ። "ቀጥዪ።" ስንት እንዳልኩ አላስታውስም። የማውቃቸው መፈክሮች አልቀው የፋብሪካውን የምርት መፈክር ደገምኩት። እንባዬ ሲወርድ ጓድ ታምራት የአብዮት ስሜት መስሎት ይሆን ወይም ገብቶት ይሆን አላውቅም፤ ብቻ በመጨረሻ "ይበቃል" ብሎ ጋዜጣውን አጠፈው።

ነጻ ወጣሁ። ክንዴ ግን ከዚያ በኋላ ከጡቴ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ወጌሻውም፣ ሐኪሙም፣ ፍልውሃውም አልመለሱትም። ዝርዝሩ በኅዳር መጨረሻ ወጣ፤ ስሜ ነበረበት አሉ፣ እኔ አላየሁትም። ጋሽ ከበደ ስሙን ሊያሰርዝ አዲስ አበባ ደወለ። ከስልኩ ሲመለስ "ለምን አልነገርሽኝም?" ብቻ አለኝ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ሥራ ላይ ተጎዳሁ አልኩ። የአንደኛ ዲቪዚዮን ዘመኔ አራት ጨዋታ ነው።

ኸድራን ደግሞ ጉዳዬን ለመሸፋፈን በጉባኤ ላይ ዋሽታለች ብለው ከቡድኑ አወጧት፤ ከቆጡም አውርደው ወደ ዱቄቱ ክፍል አዛወሯት። ቀን ከቀን ቅንድቧ ነጭ ሆኖ ትወጣለች። ሳገኛት ሰላም ትለኛለች፣ አልፋኝ ትሄዳለች። እኔም አልፌያት እሄዳለሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ መጀመሪያ ያን ቀን አሞኝ እንደነበር ማመን ነበረብኝ፤ ያ ከወጣ ደግሞ ጓድ ታምራት ፊት ዋሽቻለሁ ማለት ነው። በዚህ ሰበብ ወራት አለፉ። ሰበቡ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ኩራትም ነበረበት።

በግንቦት ኸድራ ጅቡቲ ወዳለው አጎቷ ልትሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ። ጣቢያ ሄድኩ። ያን ቀን ሙቀቱ ሐዲዱን የሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ነበር፤ ሰውና ሻንጣ፣ ፍየልና ጆንያ ተደባልቋል። ኸድራን በሦስተኛው ፉርጎ መስኮት አየኋት። እሷም አየችኝ። ተጋፍቼ ከመስኮቱ ሥር ደረስኩ።

የባቡሩ ደወል ሲመታ እጇን ከመስኮቱ ዘረጋችልኝ። ግራዋን። በኛ ከተማ፣ በተለይ በነሱ ዘንድ፣ ግራ እጅ ለሰላምታ አይዘረጋም፤ ስድብ ነው። ኸድራ ግን የምትሳደብ አትመስልም ነበር፤ ዓይኖቿ ይለምኑኛል።

"ግራሽን ስጪኝ፣ አባዮ" አለች።

መስኮቱ ከራሴ በላይ ነው። እጄ እንደማይደርስ እሷም ታውቃለች። የፈለገችው ከአፌ እንድትሰማው ነበር። ውሸታም እንዳልነበረች፣ አንድ ጊዜ፣ እኛ ሁለታችን ብቻ እያለን እንድነግራት።

"ያምሻል?" አለችኝ።

በመልሱ ፈንታ ቀኜን ላነሳ ስል ራሷን ነቀነቀች። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እጇ እንደተዘረጋ የጋራዡን አጥር አልፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ ጅቡቲም ሰው ልኬ አስጠይቄ አጣኋት።

"እናቴ፣ ግራውን" አለች መዝጋቢዋ።

በቀኝ እጄ የግራ ክርኔን ደግፌ አነሳሁት። የባንኮኒው ጠርዝ ድረስ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ አለ። "ትንሽ ከፍ ያድርጉት" አለችኝ። ከኋላዬ አንዱ "ኧረ ፀሐይ ገደለን!" ብሎ አጉረመረመ። ልጅቷ ወደ ኮምፒውተሯ አየች፣ ወደ ሰልፉ አየች፣ ወደኔ ጠጋ ብላ በለሆሳስ ተናገረች። ልትረዳኝ ፈልጋ ነው።

"እጅ ለሌላቸው ሰዎች የተለየ አሠራር አለ። ግራ እጅ የለም ብዬ ልለፈው?"

"እለፊው" ልላት ነበር። ደክሞኛል፤ ቤቴ ገብቼ ጋደም ማለት ነበር የፈለግኩት። ይህን እጅ የለም ብሎ ማለፍ ደግሞ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቴ በመቀነት፣ እኔ በዝምታ ስንለማመደው ኖረናል። ግን አሁን ዝርዝርም የለ፣ ጓድ ታምራትም የለ፤ ለማን ብዬ ነው የምዋሸው አልኩ።

"እጄስ አለ" አልኳት። "ያመኛል።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

"ውይ! ታዲያ እንዲህ አትዪኝም ነበር፣ እማዬ?" አለች። አንቱታው በድንጋጤ ጠፍቶባት የድሬ ልጅ ሆነች። የመሣሪያውን ገመድ ስባ ባንኮኒውን ዞራ መጣች። ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና መሣሪያውን ጭኔ ላይ አድርጋ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ከደቂቃ በላይ አልፈጀም።

ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ፤ ባጃጅ አላስፈለገኝም። መንገዱን ሁሉ የማስበው ያንን የባቡር መስኮት ነበር። ሁልጊዜ የሚታየኝ ከፍታው ነው፤ እጄ ስላልደረሰ ነው ብዬ ስጽናና ኖሬያለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ያኔ ብላት ኖሮ፣ ኸድራ ከመስኮቱ ዝቅ ትልልኝ ነበር።